«አይሠራም» ብዬ የጻፍኩት ጄነሬተር

ሐሙስ

ከባሕር ዳር የወጣነው ገና ፀሐይ ሳትበረታ ነው፤ እኔና ሰይድ። ሰይድ የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ነው። እኔ የጄነሬተር ቴክኒሽያን ነኝ፤ መብራት በጠፋበትና ጨርሶ ባልገባበት አገር እየዞርኩ ሞተር ማስነሣት ነው እንጀራዬ። ከፒካፑ ኋላ የመፍቻ ሣጥን፣ ፊልትሮ፣ አንድ ባትሪ፣ ወፍራም ገመድና ሸራ ጭነናል። ደረት ኪሴ ውስጥ ደግሞ ደብዳቤ አለ። ደብዳቤው ስማዳ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ «አገልግሎት ሳይሰጥ የተቀመጠ ጄነሬተር» መኖሩን ይገልጽና፣ አንሥቼ፣ ጠግኜ፣ እስቴ መካነ ኢየሱስ ለሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት እንዳስረክብ ያዛል። የጤና ጣቢያውንም የመሥሪያ ቤቱንም ስም አልጽፍም። ስም ብጠራ አንባቢ የሚቆጣው በእነሱ ላይ ብቻ ይሆናል፤ እኔ ደግሞ እንደዚያ እንዲሆን አልፈልግም።

ወረታን አልፈን ወደ ደብረ ታቦር ስንወጣ መስኮት ዘጋን። እኛ ባሕር ዳር ላይ ከሐይቁ የሚመጣውን ትንሽ ነፋስ እንደ በረከት ነው የምንቆጥረው። ጉና ሥር ያለው ነፋስ ግን ከበረከት ጋር ዝምድና የለውም። ክምር ድንጋይ ልንደርስ ስንል የኋላ ጎማችን ተነፈሰ። መለዋወጫውን ስናወርደው እሱም የተነፈሰ ሆኖ ተገኘ። ሰይድ ጎማውን እየገፋ ጎሚስታ ፍለጋ ሄደ፤ እኔ ባለ አጭር እጅጌ ሸሚዜን ለብሼ መንገድ ዳር እየተንቀጠቀጥኩ ቀረሁ። አንዲት የተቀቀለ ድንች የምትሸጥ ሴት አየችኝና «አንተ ሰው፣ ልብስህን ማን ወሰደው?» አለችኝ። ወደ ዳሷ አስገብታ፣ ድንቹን በእጄ አስይዛኝ «መጀመሪያ ሙቀው፤ ከዚያ ትበላዋለህ» አለች። ከጉዞው ሁሉ ሳልሳቀቅና ሳልሠራለት የተቀበልኩት ቸርነት የእሷ ብቻ ነው፤ በዚያ ሰዓት ማንንም መበደሌን ገና አላወቅኩም ነበር።

ንፋስ መውጫ ስንገባ ከተማዋ መብራት ካጣች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። በየሱቁ በረንዳ ትንንሽ የቤንዚን ጄነሬተሮች እንደ ጥጃ በሰንሰለት ታስረው ይንጫጫሉ። ለእኔ ጆሮ ይህ ጫጫታ የሕመምተኞች ዋርድ ነው፤ አንዱ ያስላል፣ አንዱ ያቃስታል፣ አንዱ ሊሞት ነው። ያደርንበት ሆቴል ባለቤት እትዬ ዘውዴ የእሳቸው ሞተር እንደማይነሣ ሲነግሩኝ ካርቡራተሩን ፈትቼ አጠብኩ። በላስቲክ ጠርሙስ እየተቀዳ የሚሸጠው ቤንዚን ግማሹ ላምባ ነው፤ ሞተሩን ከውስጥ ያጠቁረዋል። ሞተሩ ሲነሣ እትዬ ዘውዴ እልል ማለት ብቻ ነው የቀራቸው። የራሳቸውን ጋቢ ከአልጋቸው ላይ አንሥተው አለበሱኝና «ከስማዳ እስክትወጣ አታውልቀው፤ ብርዱ ቀን ቀንም አይተኛም» አሉኝ።

ዓርብ

አርብ ገበያ የደረስነው ገበያው በሞላበት ሰዓት ነው። ገብስ፣ ባቄላና ምስር የጫኑ አህዮች መንገዱን ዘግተውት ፒካፑ ከእነሱ ኋላ እንደ አንደኛው አህያ ሆኖ ገባ። ደብዳቤዬን እዚያ አንድ ቢሮ ላይ ማሳየት ነበረብኝ። ሠራተኛው አነበበና «ኮፒ ያስፈልጋል» አለ። መብራት ግን የለም። ፎቶ ኮፒ ቤት ስሄድ ባለቤቱ እግሩን አጣምሮ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል፤ ጄነሬተሩም አጠገቡ ጸጥ ብሏል።

«አይሠራም?» አልኩት።

«ይሠራል። አሥር ሰው ሲሞላ ነው የማስነሣው፤ ነዳጅ የለም። አንተ አራተኛ ነህ።»

ከአንድ ገበሬ፣ ከአንዲት ተማሪና የልጁን የልደት ካርድ ከያዘ አባት ጋር ቁጭ ብዬ ስድስት ሰው ጠበቅኩ። ገበሬው ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። «ታዲያ አንተ ባለሙያው ከእኛ ጋር ትጠብቃለህ?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አሥረኛው ሰው ከመጣ በኋላ ሞተሩ ተነሣ፤ ሁላችንም በአንድ ትንፋሽ ኮፒ ተደርገን ወጣን። ቢሮው ግን ተዘግቷል፤ ሠራተኛው ለገበያ ወጥቶ ነበር። ማህተሙን ያገኘሁት አመሻሽ ላይ በርበሬ ሲያስመዝን ገበያው መሐል ደርሼበት ነው።

ቅዳሜ

ወደ ስማዳ የሚወስደው መንገድ መጀመሪያ ይወርዳል፤ ወርዶ ወርዶ ወንዙን ካገኘ በኋላ ደግሞ የወረደውን ሁሉ እየተጸጸተ ይወጣል። በመንገዱ ዳር የመብራት ምሰሶ ተተክሏል። ሽቦ የለውም። ሰዎች በቅሎ ያስሩበታል፤ አንዱ ላይ ንብ ሰፍሮበት አይቻለሁ። ባሕር ዳር መብራት ለሁለት ሰዓት ሲጠፋ ጎረቤቴ በረንዳ ላይ ወጥቶ መንግሥትን ይረግማል። እዚህ ግን ምሰሶውን ማንም አይረግመውም፤ እንደ ዛፍ ለምደውታል።

ጤና ጣቢያው ጉብታ ላይ ያለ ባለ አምስት ክፍል ቤት ነው። ሰይድ መኪናውን አጥፍቶ ስንወርድ አንድ ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ ወፍጮ መሰለኝ። ከዚያ እግሬ ቆመ። ከቤቱ ጀርባ የናፍጣ ሞተር፣ ሳያስል ሳያቃስት፣ እንደ ጤነኛ ልብ ይመታል።

የማይሠራው ጄነሬተር ነው።

«አይሠራም» ብሎ የጻፈውን ሰው አውቀዋለሁ፤ እኔ ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት በክረምት ለቆጠራ ተልኬ አርብ ገበያ ድረስ መጥቼ ነበር። ከዚያ ወዲያ ጭቃ ነው አሉኝ። ስልክ ደወልኩ፤ አንድ ሰው «ቆማለች» አለኝ፤ ቅጹ ላይ «አይሠራም» ብዬ ፈረምኩና ተመለስኩ። በዚያ ቀን ውሸት አልነበረም። በማግስቱ ምን እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ከማግስቱ በኋላ የሆነውን የነገሩኝ አያ ደሴ ናቸው። የጤና ጣቢያው ጥበቃ ናቸው፤ ስድሳ ዘመን አልፏቸዋል፤ በጉብዝናቸው የናፍጣ ወፍጮ ያንቀሳቅሱ ነበር። ሞተሯ ስትቆም ለስድስት ወር ባለሙያ ጠበቁ። የሚመጣ ሲያጡ በገዛ እጃቸው ፈቷት። ሞተሩን ከዲናሞው ጋር የሚያያይዘው ቺንጋ ተበጥሶ ነበር፤ ከድሮ ወፍጯቸው ቺንጋ አምጥተው ገጠሙላት። ፊልትሮ ስለሌለ ናፍጣውን በሦስት እጥፍ ነጠላ ያጠሉታል። ባትሪዋ ስለሞተ በእጅ በሚዞረው ብረት፣ በማኖቬላ፣ ያስነሧታል። ናፍጣውን ደግሞ የየጎጡ ሰው በተራ ከከተማ በአህያ ያመጣል። ጠዋት ለክትባት ፍሪጁ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ምጥ ሲመጣ ብቻ ትነሣለች።

«እንግዲህ እርስዎ መጡልን» አሉኝ፤ ሁለቱንም እጄን ይዘው። «እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ በግምት ነው የያዝኳት። አሁን ሐኪሟ መጣ።»

አፌን ከፈትኩ። ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነበር። «እስኪ ነገ አያታለሁ» አልኩ።

ያን ቀን በቤታቸው ተጋበዝን። ባለቤታቸው እማማ አስካለ ሁለት ዶሮ ሊያሳርዱ ሲሉ ቆም አሉና ለሰይድ «አንተ እስላም አይደለህ? እኛ ብናርደው አትበላልኝም» ብለው አንዱን ዶሮ ከነቢላው ሰጡት። አርዶ መለሰላቸው፤ በጎረቤት በተዋሱት ሌላ ድስት ለብቻው ሠሩለት። ለእኔ መደቡን አንጥፈው የራሳቸውን አጎዛ ከላይ ደረቡበት። ሰይድ ድስቱን አየ፣ እኔን አየ፤ «ንገራቸው እንጂ» አለኝ በዝቅታ። በላሁ እንጂ አልነገርኳቸውም።

እሑድ

ሰንበት ስለሆነ ሥራ የለም ብዬ ራሴን አታለልኩ። ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ሲበተን ከወንዙ ማዶ ስምንት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ሲሮጡ አየን። በቃሬዛው ላይ ያለችው ሴት ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። የጤና ጣቢያው አዋላጅ ሲስተር ዓለምነሽ ወጣት ናት፤ ሃያ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። ከቤተ ክርስቲያን በነጠላዋ ሮጣ መጥታ በሩ ላይ «አያ ደሴ፣ አስነሡልኝ!» ብላ ጮኸች።

አያ ደሴ ማኖቬላውን አንዴ አዞሩ፣ ሁለቴ አዞሩ። በሦስተኛው ሞተሯ ተነሣች። እኔ ከበሩ ውጭ ቆሜ ነበር። ሕፃኑ ሲወጣ አላለቀሰም። በመስኮቱ በኩል የሲስተርን እጅ ብቻ ነው የማየው፤ መጀመሪያ የመምጠጫ መሣሪያውን፣ ከዚያ ኦክስጅን የሚሰጠውን ማሽን ቱቦ ስትይዝ። ሁለቱም ያለ መብራት ብረት ናቸው። አያ ደሴ ከጀርባ ሆነው እጃቸውን በሞተሯ ላይ አሳርፈው፣ ድምፅዋ ዝቅ ሲል ናፍጣ ሲጨምሩላት ነበር። ደጁ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ የሚያዳምጠው ሁለት ድምፅ ነው፤ የሚሰማውን ሞተርና የማይሰማውን ሕፃን።

ከዚያ ሕፃኑ ጮኸ።

ሴቶቹ እልል አሉ። የሕፃኑ አባት ቃሬዛ ከተሸከሙት አንዱ ነው፤ ግንባሩ ላይ ላቡ አልደረቀም። ስለ እኔ «የሞተሩ ባለሙያ ነው» ሲሉ ሰምቶ መጥቶ ትከሻዬን ሳመኝ። «እግዜር ይስጥልኝ፤ እናንተ ባትኖሩ» አለ። ከዚያ በላይ መሸከም አልቻልኩም። ሲስተር እጇን ታጥባ ወደ ቢሮዋ ስትገባ ተከትያት ገባሁና ደብዳቤውን ሰጠኋት።

ቆማ አነበበችው። እንደገና አነበበችው።

«ይኼ የሚለው የእኛን ነው?»

«አዎ።»

«አገልግሎት የማይሰጥ ይላል።»

«አዎ።»

«እርስዎ አሁን እዚያ በር ላይ ቆመው ነበር።»

«ነበርኩ።»

«ታዲያ ማን ነው እንዲህ ብሎ የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ደብዳቤውን እንደነበረ አጥፋ መለሰችልኝ። «ምሳ ቀርቧል» አለች። «አያ ደሴ እርስዎን እየጠበቁ ነው፤ አልበሉም።»

ሰኞ

ጠዋት ኔትዎርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ወጥቼ ለአለቃዬ ደወልኩ። ጄነሬተሩ ይሠራል፤ ትናንት ሕፃን አድኗል፤ ሪፖርቱ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም የእኔ ነው አልኩት።

«ይሠራል?» አለ።

«በደንብ ይሠራል።»

«እንዲያውም ጥሩ። መጠገኛ ጊዜ አታባክንም ማለት ነው። ጫነውና ዛሬውኑ ውጣ፤ መንገዱ መቼ እንደሚዘጋ አይታወቅም።»

ስወርድ ሰው ተሰብስቧል። ወጣቶቹ ከፒካፑ ፊት ለፊት መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የደብሩ ቄሰ ገበዝ ደብዳቤውን ተቀብለው ማህተሙን በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ለወጣቶቹ «ተነሡ ልጆቼ» አሏቸው። «ይኼን ሰው ብንመልሰው ሌላ ይመጣል። የሚቀጥለው ሰው መፍቻ ይዞ አይመጣም።»

ጄነሬተሩን ያወጡት እነሱው ናቸው። ትናንት ሴትዮዋን ባመጡበት ዓይነት፣ ወፍራም አጣና ከሥሩ አስገብተው፣ ስምንት ሆነው። እኔ ልረዳ ብጠጋ አንዱ «አንተ ተወው፤ ይቆሽሽብሃል» አለኝ። ጋቢውን ለብሼ ነበር።

ከተጫነ በኋላ አያ ደሴ መፍቻ ይዘው ፒካፑ ላይ ወጡ። «ቺንጋው የእኔ ነው» አሉ። «ከወረቀታችሁ ላይ የለም።» እውነታቸውን ነው፤ አልከለከልኳቸውም። ፈትተው አወጡት፤ በእጃቸው ጠቅልለው ለጥቂት ጊዜ ተቀመጡ። ከዚያ መልሰው ገጠሙት። ውጥረቱን በአውራ ጣታቸው ጫን ብለው ለኩ፣ ብሎኑን አጠበቁ።

«ምነው አያ ደሴ?» አልኳቸው።

«ያለ ቺንጋ ወስዳችሁ ደግሞ አይሠራም ብላችሁ እንዳትጥሏት» አሉ። «እዚያም የምትወልድ ሴት ትኖራለች።»

ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቁኝም። እኔም ጤና ጣቢያ አይደለም አላልኳቸውም። እማማ አስካለ ቆሎ በጨርቅ ቋጥረው በመስኮቱ አቀበሉን። ሰይድ ተቀበለ፤ እኔ ወደ ፊት እያየሁ ነበር።

ሁለት ሰዓት ያህል ተጓዝን። ከዚያ ሰይድ «እኔ ብሆን መኪናው ተበላሸ እል ነበር» አለ።

«ለምን አላልክም?»

«አንተ ትላለህ ብዬ ጠበቅሁ።»

ማክሰኞ

መካነ ኢየሱስ ደህና ከተማ ናት። መብራት አለ። ቁርስ የበላንበት ቤት ቴሌቪዥኑ፣ ማቀዝቀዣውና ሦስት አምፖል በአንድ ጊዜ ይሠሩ ነበር፤ በጠራራ ፀሐይ። አስተናጋጇ ፊታችንን አይታ «ሐዘን ነው የምትሄዱት?» አለችን።

የተረካቢው መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ኃላፊ ትሑት ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ጄነሬተሩ ለምን እንደተፈለገ ጠየቅሁት። ለስብሰባ አዳራሹ ነው አለኝ። አንዳንዴ በስብሰባ መሐል መብራት ይጠፋና ማይክሮፎኑ ይቆማል።

አውርደን በግቢው ሞከርነው። አያ ደሴ እንዳሳዩኝ አድርጌ ማኖቬላውን አዞርኩ፤ በሁለተኛው ተነሣ። ኃላፊው ጆሮውን በሁለት እጁ ያዘ።

«ድምፁ እንዲህ ነው?»

«የናፍጣ ነው።»

«ይኼማ ለስብሰባ አይሆንም፤ ተናጋሪው አይሰማም» አለ። አጥፋው አለኝ፤ አጠፋሁት። ከግንቡ ጥግ፣ ሣር ከበቀለባቸው ሁለት ሌሎች ጄነሬተሮች አጠገብ አስቀመጥነው። መልሼ ልውሰደው ብዬ ለመንኩት። አዘነልኝ እንጂ አልተቆጣም፤ ገቢ ሆኗል፣ ወጪ ለማድረግ የኮሚቴ ውሳኔ ይጠይቃል፣ ከኮሚቴው ደግሞ አንዱ ሥልጠና ላይ ነው አለ። የያዝነውን ሸራ አለበስኩትና በደብረ ታቦር በኩል ወደ ቤታችን ዞርን።

ከተመለስኩ በኋላ

ባሕር ዳር ስገባ የጎዳናው መብራት ሁሉ በርቷል። ዘንባባው ላይ ሳይቀር አምፖል ተጠምጥሞበታል። በሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

በማግስቱ የታረመ ሪፖርት ጻፍኩ። ከሦስት ዓመት በፊት የሞላሁት ቅጽ ስሕተት መሆኑን፣ ያጠፋሁት እኔ መሆኔን፣ ጄነሬተሩ እንዲመለስ መጠየቄን ጻፍኩ። መልሱ ቶሎ ነው የመጣው። ጤና ጣቢያው ከአሁን ጀምሮ «ጄነሬተር የሌለው» ተብሎ ስለተመዘገበ በሚቀጥለው ዕቅድ ቅድሚያ እንደሚሰጠው፣ ጥያቄውን ግን ራሱ በቅጹ ሞልቶ ማቅረብ እንዳለበት ይገልጻል። ቅጹን ለሲስተር ዓለምነሽ በስልክ ላክሁላት። ማየቷን ስልኩ አሳየኝ፤ አልመለሰችም። አልፈረድኩባትም።

ለአያ ደሴ መደወል ነበረብኝ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት አለፈ። በሦስተኛው ሳምንት ራሳቸው ደወሉ፤ ጉብታው ላይ ሆነው መሆን አለበት፣ ነፋሱ ይሰማል።

«በደህና ገባችሁ? መንገዱ ክፉ ነው ብለን ስንጨነቅ ሰነበትን። ያ ሾፌሩስ ደህና ነው?»

ደህና ነን አልኩ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ጀምሬ ነበር፤ ነፋሱ ይሁን እሳቸው፣ አንዱ አቋረጠኝ። ክትባቱ በበረዶ ሣጥን ተደርጎ በበቅሎ እንደሚመላለስ፣ ፍሪጁን ሲስተር የካርድ መደርደሪያ እንዳደረገችው፣ ባለፈው ሳምንት የመጣች አንዲት ወላድ ሕፃኗን ይዛ ሳይሆን ባዶ እጇን እንደተመለሰች ነገሩኝ። የነገሩኝ እኔን ለመውቀስ አይደለም፤ የአገር ወሬ እንደሚነገር ነው የነገሩኝ።

«ለመሆኑ ትሠራለች?» አሉኝ።

የግንቡ ጥግ ታየኝ። ሣሩ ታየኝ።

«አዎ አያ ደሴ» አልኩ። «ትሠራለች።»

«ተመስገን» አሉ። ከዚያ ስልኩን ሳይዘጉ፣ አጠገባቸው ላለ ሰው ሲናገሩ ሰማኋቸው፦

«ትሠራለች አለ። ባለሙያው ራሱ ነው ያለው።»